መንዙማን ከሐድራ ስታወጡት

አንድ የደሴ ልጅ «መንዙማን ለማያውቅ ሰው ለማስወደድ ስንት ደቂቃ ይበቃል?» ብሎ ጠየቀኝ። ደቂቃ ባይል ኖሮ ይህን ባልጻፍኩ። እኛን በካሴት ዘመን ይህን የሙስሊሞች የውዳሴ ዜማ ስንቀርጽ ያሳሳተን ደቂቃ ነበር፤ እስከ ዛሬም ይቆጨኛል።

የ60 ደቂቃ ካሴት አንዱ ገጽ የሚይዘው 30 ደቂቃ ነው። ሐድራ ላይ፣ መንዙማው በሚባልበት የዱዓ ስብስብ፣ ደግሞ የሚቸኩል የለም። መሪው ያለ ድቤ (ያለ ከበሮ)፣ ብቻውን፣ ዘለግ አድርጎ ይጀምራል። አዝማቹን ይደጋግማል፤ ተቀባዮቹ እስኪይዙለት ይጠብቃል። ከዚያ ድቤው ይገባል፣ ጭብጨባው ይከተላል፣ ፍጥነቱ እየጨመረ ሄዶ ቤቱ ይሞቃል። ካሴቱ አልበቃ ሲል ከየት ይቆረጥ? «ሰው ይሰለቸዋል» እየተባለ ከመጀመሪያው ተቆረጠ። ጥፋቱ ይኸው ነው። አማርኛና ዐረብኛ የተቀላቀለበትን ግጥም ያልለመደ ጆሮ አዝማቹን የሚማረው በዚያች ዝግ ባለች መግቢያ ነው። እሷ ከሌለች ድቤው ያለ ምክንያት ይመታል፣ ሰውየውም ከውጭ ቆሞ ጩኸት ይሰማል። አዝማቹን ከያዘ ግን ክርስቲያን ጎረቤትም ቢሆን ከተቀባዮቹ ጋር ይቀበላል።

ሌላው ጥፋት ኦርጋን ነው። ከአራቱ የዜማ ቅኝቶቻችን ባቲና አምባሰል ስማቸውም የወሎ ነው፤ አንቺሆዬ ግን በተለይ የኦርጋን ቁልፍ ላይ ልክ አይቀመጥም። ዘፋኙ ሳያውቀው ወደ ኦርጋኑ ይሳብና የድምፁ ንዝረት ይጠፋል። የማሽን ምት ደግሞ የባሰ ነው፤ ፍጥነቱ ስለማይጨምር ሙቀቱ የት ይምጣ? የዛሬ ልጆች እዚህ ላይ ትቸኩላላችሁ፤ ኢኮ ስትጨምሩበት ቃሉም ይደበዝዛል።

ቀረጻው ላይ ለመሪው አንድ ማይክ ከአፉ አንድ ስንዝር ያህል፣ ከፊቱ ትንሽ ወደ ጎን አድርጉ። ለተቀባዮቹ ሁለት ማይክ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ይቁም። ድቤው ከመሪው ማይክ ጀርባ ይሁን፤ ከፊቱ ከተመታ ወፍራሙ ድምፅ ማይኩን ያፍነውና ግጥሙ ይዋጣል።

ይህን ሁሉ ብዬ ደግሞ እንዲህ እላለሁ፦ ያ የተቆረጠ ካሴት ባይኖር መንዙማ ሚኒባስ ውስጥ አይገባም ነበር። ሐድራ ሄዶ የማያውቅ ሰው የሰማው በእሱ ነው። ስለዚህ አትቁረጡ አልልም፤ ሥራዬን ራሴ መካድ ይሆንብኛል።

ላሊበላን ግን ተመልከቱ። በገና በዓል ካህናቱ ከፊሉ ከላይ ማሜ ጋራ በሚባለው ቦታ፣ ከፊሉ ከታች ቆመው «ቤዛ ኩሉ ዓለም ዮም ተወልደ» እያሉ ሲቀባበሉ፣ ለእንግዳው ብሎ ያሳጠረው የለም። እንግዳው ነው የሚቆመው።

የግድ አምስት ደቂቃ ካላችሁ መግቢያውን ቢያንስ አንድ ደቂቃ ተዉት፤ መሀል ካለው ግጥም ቀንሱ፣ አዝማቹን አትንኩ። ለሐድራ ብቻ የሚባለው የቱ እንደሆነ ከቀረጻው በፊት ሼኹን ጠይቁ። ዱዓ ላይ ደግሞ ድምፁን እየቀነሳችሁ አትውጡ፤ የመጨረሻው «አሚን» እስኪባል ማይኩ ክፍት ይሁን።