የመሪ ዘንጉን ብየዳ ቤት ከመውሰድህ በፊት

ወንድሜ፣ የቆየ ስኖውሞቢል (ከፊት በሁለት ስኪዎች፣ ማለትም በመንሸራተቻ እግሮች፣ በረዶ ላይ የሚነዳ ማሽን) የያዘ ሰው ሁሉ አንድ ቀን እዚህ ጥያቄ ላይ ይደርሳል። ቆመህ መሪውን ጠበቅ አድርገህ ስትስበው ዘንጉ (ከመሪው ወደ ታች ወርዶ ስኪዎቹን የሚያዞረው ቱቦ) እንደ መታጠፍ ይላል፣ ታች ስኪዎቹን የሚገፋው ክንድ የተበየደበት ጋ ቀለሙ ተሰንጥቋል፣ «ከጎኑ አንግል ብረት ላስበይድበት ወይ?» ነው ያልከው። አንግሉን ተወው። ምክንያቱን እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ጥፋቱ የዘንጉ መሆኑን ለይ። በዘንግ የሚሳበብ ብዙ ነገር የቦኮላ (ዘንጉ ውስጡ የሚዞርበት ቀለበት) ጣጣ ሆኖ ይገኛል። አንድ ሰው ሁለቱን ስኪዎች አጥብቆ ይያዝልህና መሪውን ግራና ቀኝ ገፋ መለስ አድርገው። ሌላውን እጅህን ዘንጉን ከላይ የሚያቅፈው ማሰሪያ ላይ አሳርፍ። ቀጭ ቀጭ የሚል ነገር ከተሰማህ ውስጡ ያለው የፕላስቲክ ቦኮላ በልቶታል ማለት ነው፤ እሱን ቀይር፣ ብየዳ አያስፈልግህም። ከዚያ ወደ ታች ውረድ፦ የታይሮድ (ክንዱን ከስኪዎቹ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ) ጫፎችን፣ የስኪውን ቋሚ ዘንግ፣ ብሎኖቹን እያንዳንዳቸውን በእጅህ ፈትሽ። የላላ ነገር ሲንቀሳቀስ ይንኳኳል፤ ደካማ ቱቦ ግን ድምፅ ሳያሰማ ይጠመዘዝና ስትለቀው ይመለሳል። ምንም የላላ ሳይኖር መሪው ዞሮ የታችኛው ክንድ ዘግይቶ የሚከተል ከሆነ፣ አዎ፣ ዘንጉ ነው።

የስንጥቁን ነገር ደግሞ በቀለሙ ብቻ አትፍረድ። ዘንጉን አውጣና ቀለሙን በሽቦ ብሩሽ አንሳው። ግራይንደር አታስነካው፣ የብረቱን ፊት አዳፍኖ ስንጥቁን ይደብቅብሃል። ቦታው ሲጸዳ ላምባ ቀባውና ትንሽ ቆይተህ በደረቅ ጨርቅ ሙልጭ አድርገህ ጥረገው፤ ከዚያ ጠመኔ አድቅቀህ ነስንስበት። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የገባው ላምባ ተመልሶ ይወጣና ነጩ ዱቄት ላይ ቀጭን የረጠበ መስመር ያሰምራል። መስመሩ ብዙ ጊዜ የሚታየው ብየዳው አናት ላይ ሳይሆን ብየዳውና ቱቦው የሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ነው፤ ስለዚህ ዓይንህን እዚያ ላይ አድርግ። ቱቦውን ሹል ነገር ይዘህ ወጋ ወጋ ማድረግም አትርሳ። ከውስጥ ዝገት በልቶት ከሳሳ የምትበይድበት ብረት የለህም፣ ዘንጉን ቀይረው።

አሁን ወደ አንግሉ። የመሪ ዘንግ ዋና ሥራው ጥምዘዛን ማስተላለፍ ነው። ሁለት ሦስት ቦታ ነካ ነካ ተደርጎ የተበየደ አንግል ደግሞ ለጥምዘዛ ምንም የማይረባ ቅርጽ ነው። ይባስ ብሎ አንግሉ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ግትር የሆነው ክፍል በድንገት ያቆምና ቀጣዩ ስንጥቅ ልክ እዚያው ይነሳል።

ቱቦን የሚያጠነክረው ቱቦ ነው። በቁጥር ላሳይህ። የውጭ ዲያሜትሩ 22 ሚሊ፣ የግድግዳው ውፍረት 2 ሚሊ የሆነ ዘንግ እንውሰድ። ከውስጡ ባለ 18 ሚሊ፣ በ2 ሚሊ ውፍረት ቱቦ ብታስገባ ጥምዘዛን የመቋቋም ግትርነቱ በግማሽ ያህል ይጨምራል። ውስጡን በድፍን ብረት ብትሞላው የሚጨምረው 80 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ክብደቱ ግን ሦስት እጥፍ ይሆናል። ያንኑ 2 ሚሊ ውፍረት ያለው ቱቦ ከውጭ ብታለብሰው ግን ግትርነቱ ወደ 2.7 እጥፍ ይደርሳል። ከመሃል እየራቀ የሄደ ብረት የሚሰጠው ጥቅም እንዲህ ነው። ስለዚህ ከሞተሩና ከጭስ ማውጫው ጋር የማይነካካ ቦታ ካለህ ከውጭ አልብሰው፤ ቦታ ከሌለህ ከውስጥ ግባ።

የውጩ ቱቦ በክንዱ ምክንያት አላልፍ ካለህ ለሁለት ርዝመቱን ሰንጥቀህ ግራና ቀኝ ግጠምና መጋጠሚያውን በይድ። ጫፎቹን ግን ቀጥ አድርገህ አትቁረጣቸው፤ በረጅሙ በሰያፍ ቁረጣቸው። ብየዳው ዘንጉን አንድ ቦታ ላይ ዙሪያውን ከከበበው አዲስ መስበሪያ መስመር ሠራህለት ማለት ነው። ልባሹ (ከውጭ ያለበስከው ቱቦ) ቦኮላው አፍ ላይም እንዳያልቅ፣ ያ ቦታ ራሱ ጭነት የሚበዛበት ነው። ለውስጠኛው ደግሞ የዘንጉን ግድግዳ 6 ወይም 8 ሚሊ አካባቢ ቀዳዳዎች ከፍተህ በእነሱ በኩል በይድ፤ ቀዳዳዎቹን አንድ ዙር ላይ ሳይሆን አንዱን ከፍ፣ አንዱን ዝቅ አድርገህ በትናቸው።

ስንጥቁን ዝም ብለህ በላዩ አትበይድበት። ጫፉ ላይ 3 ሚሊ ያህል ስፋት ያለው ቀዳዳ ብሳ፣ ስንጥቁን እስከ ታች ክፈተው፣ ከዚያ ሙላው። ኒኬል ወይም ዚንክ የተቀባ ከሆነ ከሚበየደው አካባቢ ሙሉ በሙሉ አንሳው፤ የዚንክ ጭስ ሰው ያሳምማል። ማሽኑ ላይ እንዳለ ማስበየድ የሚባል ነገርማ ቤንዚን ታንክ አጠገብ መጫወት ነው፣ የኤሌክትሪክ ክፍሎቹም ሊበላሹ ይችላሉ። ቲግ (TIG የሚባለው የብየዳ ዓይነት) ቢሆን ይመረጣል። ጥቂት እየተበየደ ከዚህም ከዚያም እየተቀያየረ ይሂድ፣ ሲያልቅም ውሃ ሳይነካው በራሱ ጊዜ ይቀዝቅዝ።

አንድ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር፦ ከመበየዱ በፊት የመሪው መቀመጫና የታችኛው ክንድ ያላቸውን አቅጣጫ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስረህ ምልክት አድርግ። ሙቀት ትንሽ ካጣመመው ስኪዎቹ ቀጥ ብለው ሳለ መሪህ ተንጋዶ ታገኘዋለህ።

መሪውን ከፍ የሚያደርግ ጭማሪ ገጥመህ ከሆነ እሱንም አስብበት። ከላይኛው ማሰሪያ እስከ እጅህ 15 ሴንቲ የነበረው 25 ከሆነ፣ በተመሳሳይ ጉልበት ስትስበው ዘንጉን የሚያጥፈው ኃይል ሁለት ሦስተኛ ያህል ጨምሯል። አጥብቆ የሚጎትት ሰው ከሆንክ ምናልባት ከብየዳው ይልቅ እሱን ማውረድ ይበልጥ ይጠቅምህ ይሆናል።

ክንዱ አንዴ ተበይዶ እንደገና የተሰነጠቀ ከሆነ በእኔ በኩል ጥገና አላስብም። ስፌት በሌለው አዲስ ቱቦ አስመስሎ ማሠራት ወይም ደህና ያገለገለ ዘንግ መፈለግ ነው። መሪ ሲሰበር መሃል መንገድ ላይ ሌላ መያዣ የለህም።

ስትመልሰው በራሳቸው የሚቆለፉ አዳዲስ ዳዶዎች ተጠቀም፣ አሮጌዎቹን አትመልስ። ከዚያ መሪውን ሙሉ ግራ፣ ሙሉ ቀኝ አዙረው፦ ልባሹ የሚነካው ነገር አለ? የጋዙ (የሞተሩ ማፍጠኛ) ኬብልስ ይወጠራል? ሞተሩን አስነስተህም ቆሞ እያለ ደግመህ አዙረው፤ ሲዞር ድምፁ ከጨመረ ኬብሉ ተስቧልና እስክታስተካክለው እንዳትነዳው።

ቱቦውን ከመግዛትህ በፊት የዘንጉን ውጪ ቀለሙ ከተነሳ በኋላ በካሊፐር (ውፍረት መለኪያ መሣሪያ) ለካ። የቀለሙ ውፍረት ብቻ ልባሹን አላስገባም እንዲል ወይም ልቅ እንዲሆን ያደርገዋል።