ድምፅም መርፌም ላላት እህታችን

ሰላም ለዚህ ቤት። ትናንት ማታ ስሟን ሳትገልጽ የጠየቀች እህት ነበረች። ላላያችሁት ባጭሩ ልድገመው። ደብረ ብርሃን ነው የምትኖረው። 12ኛ ክፍል ጨርሳ ነጥብ አልመጣላትም። ሰርግ ላይ ስትዘፍን ሰው ይወድላታል። በእናቷ የስፌት መኪና ልብስ ትሰፋለች። ቲክቶክ ላይ 9 ሺህ ተከታይ አላት። «ከሙዚቃ፣ ከሚዲያና ከፋሽን የቱን ልያዝ? አዲስ አበባ ልግባ ወይስ እዚሁ ልሥራ? በዚህ ሥራ እንጀራ የሚበላ ሰውስ አለ ወይ?» ነው ያለችው።

አለ እህቴ። አንዱ እኔ ነኝ። ሀብታም ግን አይደለሁም፤ መኪና የለኝም፣ ቤቴም የኪራይ ነው። ስለዚህ «ህልምሽን ተከተዪ» ልልሽ አልመጣሁም። የሆነውን ነው የምነግርሽ።

የጀመርኩት በ2003 ጥር ነው። ሥራዬ መብራት መያዝ ነበር። ካሜራማኑ ሙሽራዋን ይከተላል፣ እኔ መብራቱን ከፍ አድርጌ ካሜራማኑን እከተላለሁ። በአንድ ሰርግ 80 ብርና ምሳ። ምሳው ይሻል ነበር። ግን እዚያ ቆሜ አንድ ነገር አየሁ። ብር ይዘው የሚሄዱት ማንም ስማቸውን የማያውቃቸው ሰዎች ናቸው። ሞንታርቦ የሚያከራየው። ቬሎ የምታከራየው። ድንኳን የሚተክለው። ዘፋኙን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል፤ ማታ ግን ለባጃጅ ከእኔ ይበደር ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው አንድ ነገር ነው። መጀመሪያ ሰው ሳያውቅሽም ከፍሎ የሚወስድልሽን ሥራ ያዢ። ዘፈኑ በሱ ላይ ይቆማል። ከላይ የጀመሩ ጓደኞች ነበሩኝ። ክሊፕ ሠርተው፣ ፖስተር ለጥፈው፣ ከዚያ ዕዳ ሲከፍሉ ሦስት ዓመት አለፋቸው።

ይኼ አዲስ ነገር አይደለም። አምሃ እሸቴን ሰምተሽ ይሆናል። ዘፋኝ አልነበረም። ሙዚቃ ቤት ነበረው፣ ሸክላ ይሸጥ ነበር። በዚያን ጊዜ ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ የተሰጠ ነው። እሱ ግን ባንኮኒው ጀርባ ቆሞ ሰው ምን ምን ብሎ እንደሚጠይቅ በየቀኑ ይሰማ ነበር። በ1961 ዓ.ም. አካባቢ ክልከላውን ደፍሮ የራሱን አምሃ ሬከርድስ ከፈተ። የመጀመሪያው ሸክላ የአለማየሁ እሸቴ ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ100 በላይ ሸክላ አወጣ። ዛሬ ፈረንጅ ሳይቀር ወርቃማው ዘመን እያለ የሚሰማውን ሙዚቃ ግማሽ ያህሉን ያቆየልን አንድ ሱቅ ጠባቂ ነው ማለት ይቻላል። ትንሽ አጋነንኩ መሰለኝ፤ ግን ብዙም አይደለም።

ወደ አንቺ ልመለስ። ሰርግ ላይ ትዘፍኛለሽ ብለሻል። ክፍያሽን ከመነጋገርሽ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቂ፦ ሽልማቱ የማን ነው? ይኼን ሳይነጋገሩ የሄዱ ጓደኞቼ ነበሩ። ደብረ ሲና ሰርግ ሠርተን ስንመለስ ዘፋኟ ግንባሯ ላይ የተለጠፈላትን ብር ጠቅልላ ቦርሳዋ ከተተች። ኪቦርዲስቱ «እኔ ስድስት ሰዓት ሙሉ ጣቴን የሰበርኩት ለማን ነው?» አለ። ከደብረ ሲና እስከ ጣርማ በር ዋሻ በዚያ ጉም ውስጥ ሲጨቃጨቁ ሹፌሩ ራሱ ሊያወርደን ነበር። ሁለቱ ዛሬም አይነጋገሩም። ጥሩ ባንድ ነበር፤ በአንድ ማታ ፈረሰ። አሁን እኛ ጋ ሽልማት ከሦስት ይከፈላል፣ ገና ስንነሳ ይነገራል፣ አለቀ።

ሁለተኛው ነገር የዓመቱ ካሌንደር ነው። ይኼን ማንም አይነግርሽም። የእኛ አገር ሰርግ ጥር ላይ ይፈላል። ከዚያ ዐቢይ ጾም ይገባል፤ 55 ቀን ፀጥ። ከፋሲካ በኋላ እስከ ግንቦት መጨረሻ ይሠራል። ክረምቱ ባዶ ነው። ነሐሴ ፍልሰታ። ከኅዳር 15 እስከ ገና ደግሞ የነቢያት ጾም። ቆጥረሽ ብታዪው በደህናው ዓመት አራት ወር ነው የምትሠሪው። ቀሪውን ስምንት ወር ምን ትበያለሽ? ብዙ ጎበዝ ልጆች የተበተኑት እዚህ ላይ ነው እንጂ ችሎታ አንሷቸው አይደለም።

እኔ ቀዳዳውን የደፈንኩት በሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ወደ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ያሉ ሙስሊም ደንበኞች። የእነሱ ሰርግ የእኛን ጾም አይጠብቅም። ሁለተኛ፣ የዩኒቨርሲቲው ምርቃት፤ ፎቶ፣ ቪዲዮ፣ ለአያት የሚላክ አልበም። ሦስተኛው ነው ሕይወቴን የቀየረው፤ ባና።

ባና ለማታውቁት፣ መንዝ ውስጥ ከበግ ጠጉር የሚሸመን ወፍራም ልብስ ነው። ሴቶቹ ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ይሸምናሉ። አያቶቻችን ይለብሱት ነበር፣ ይተኙበት ነበር። በ2012 ታህሳስ እኔና እህቴ ከዚህ ጃኬት ብንሠራስ አልን። ደብረ ብርሃን ታህሳስ ላይ ምን እንደሚመስል ታውቂዋለሽ፤ ጠዋት ሜዳው አመዳይ ለብሶ ነጭ ነው። ሰው ሁሉ የሚለብሰው ግን ከውጭ የመጣ ሰልባጅ ጃኬት ነው። በጉ እዚሁ፣ ብርዱ እዚሁ፣ ጃኬቱ ከባሕር ማዶ!

መሐል ሜዳ ሄደን አንድ ሽማግሌ ሸማኔ አገኘን። «አባባ፣ ቀጭን አድርገው ይሠሩልናል?» አልናቸው። «ባና ቀጭን ከሆነ ባና አይደለም» አሉን። ተከራከርን፣ ሻይ ጠጣን፣ ተሸነፍን። ወፍራሙን ገዝተን መጣን።

ከዚያ መከራ ተጀመረ። የእህቴ ሲንጀር ሁለት መርፌ ሰበረ። ጨርቁ ጠባብ ስለሆነ ጀርባው ላይ መቀጠል ግድ ሆነ። የመንዝ በግ ጠጉር ሸካራ ነው፣ አንገት ያሳክካል። ዝናብ ሲነካው በጉ ራሱ ቤት የገባ ይመስላል። በመጨረሻ ቆዳ የሚሰፋ ሰው ዘንድ ወሰድነው፤ የሱ መኪና ቻለችው። አንገቱንና እጅጌውን በጥጥ ገበር ሸፈንነው። ጀርባ ላይ ያለውን ቅጥል ልንደብቀው ስንታገል እህቴ «ለምን ጥለት አናስገባበትም?» አለች። ያ ቅጥል ዛሬ ሰው የሚያውቀን ምልክታችን ሆነ።

አሁን ሒሳቡን ስሚ። ለመጀመሪያው ጃኬት ጨርቁ 1,100፣ ገበርና ቁልፍ 350፣ ስፌት 400፣ ትራንስፖርት 120 ብር ወጣ። በ1,800 ሸጥነው። ሰዉ አጨበጨበ፣ ፎቶው ዞረ፣ 170 ብር ከሰርን። የእህቴን የሦስት ቀን ድካም ሳልቆጥር ነው ይኼ። እንደዚህ አድርገን ስድስት ሸጥን! ስድስተኛው ላይ ነው ደብተር ያወጣነው። አንቺ ከመጀመሪያው አውጪው። የራስሽንም ቀን ዋጋ ጻፊበት፣ የተበላሸውንም ጨርቅ ጻፊበት። ደግሞ ያለ ቀብድ መቀስ አታንሺ። እኛ ግማሹን እንቀበላለን። ዘመድ ከሆነም ግማሽ። አክስቴ ለአንድ ዓመት ተቀይማኝ ነበር፤ አሁን እሷ ናት ደንበኛ የምታመጣልን።

«የገጠር ነገር ማን ይለብሳል?» የሚሉሽ ይኖራሉ። ቤተልሔም ጥላሁንን አስቢያት። በ1997 አካባቢ አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር ሶል ሬብልስ የሚባለውን የጫማ ድርጅት ስትጀምር የያዘችው ሐሳብ በረባሶ ነው። ገበሬና ወታደር ሲያደርገው የኖረው የመኪና ጎማ ጫማ። እሷ ቅርፁን አሳመረች፣ ልኩን አስተካከለች፣ ዓለም ገዛት። እኔና እህቴ እዚያ አልደረስንም። መንገዱ ግን ያው ነው።

ስለ ሙዚቃው አንድ ማስጠንቀቂያ። ጓደኛዬ ግጥምና ዜማ በቃል ተስማምቶ ገዛ። 5 ሺህ ብር በእጅ ሰጠ። ዘፈኑ ዩቲዩብ ላይ ሰው ሲያገኝ ዜማ ደራሲው «አልሸጥኩም፣ አንዴ እንዲዘፍን ነው የፈቀድኩት» አለ። ቪዲዮው ወረደ። ወረቀት የለም፣ ምስክር የለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚባል አለ፣ ፈልገሽ አንብቢው፤ በአማርኛ ነው የተጻፈው። ባጭሩ፣ የሠራሽው ሥራ ከተጻፈ ወይም ከተቀረጸ ባይመዘገብም ያንቺ ነው። መብቱ በሕይወት እስካለሽ፣ ከዚያም 50 ዓመት ይቆያል። መብት ስትሸጪም ስትገዢም ግን በጽሑፍ ይሁን። ከደብተር የተቀደደ ግማሽ ገጽ ይበቃል፤ ምን እንደተሸጠ፣ ለስንት፣ የት የት እንደሚውል፣ ሁለት ፊርማ። ትዝታና ባቲ የሁላችንም ነው፣ በቅኝቱ ማንም አይከስሽም። የሌላ ሰው ቅንብር ላይ መዝፈን ግን ሌላ ነገር ነው።

ስለ ሚዲያው ደግሞ። 9 ሺህ ተከታይ ጥሩ ነው፣ ግን ደመወዝ አይደለም። ዩቲዩብ ከማስታወቂያ እንዲያካፍልሽ 1,000 ሰብስክራይበርና በ12 ወር ውስጥ 4,000 የእይታ ሰዓት ይጠይቃል። ከረጅም ቪዲዮ ማስታወቂያ 55 በመቶው ያንቺ ነው፤ 100 ዶላር ሳይሞላ ግን አይወጣም። ብዙዎቻችን ደግሞ ብሩ የሚገባው ውጭ ባለ ዘመድ ስም ነው። የእኔን የሚቀበል ሰው ሰባት ወር «ነገ እልካለሁ» አለኝ። ቤተሰብ ስለሆነ ዝም አልኩ። ብሩም ዝም አለ።

ሬዲዮም ሞክሬያለሁ። ተባባሪ አዘጋጅ ሆኜ ከአንድ ጣቢያ የአየር ሰዓት ገዛሁ። ስፖንሰር መፈለግ የራስሽ ጣጣ ነው። አምስት ወር ቆየሁ፣ ከኪሴ ከፍዬ ወጣሁ። ብዙ አልልም።

ቲክቶክሽ የሚጠቅምሽ ለሌላ ነገር ነው። ስትሰፊ አሳዪ። መርፌ ሲሰበር አሳዪ። ካላለቀ ጃኬት የሠራነው ቪዲዮ ካለቀለት ፎቶ ይበልጥ ሰው ጠራልን። ከዚያ የደወለልሽን ሰው ሁሉ ስልክ በወረቀት ጻፊ። በወረቀት ያልኩት ሳልሳሳት ነው። ከነሐሴ 2015 በኋላ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲጠፋ ገጻችን ላይ የነበረው ሁሉ ጠፋ ማለት ነበር። መንገዱም ሲዘጋ፣ ሰርጉም ሲቀር፣ ያተረፈችን የእህቴ ደብተር ናት። እየደወልን «ለልጅዎ የትምህርት ቤት ሹራብ እንሥራ?» እንል ነበር። ኩራት የሚባል ነገር አልቀረንም። ግን አልዘጋንም።

አዲስ አበባስ? ሁለት ዓመት ኖሬባታለሁ፣ ከ2007 እስከ 2008። ኤዲቲንግ በደንብ የተማርኩት እዚያ ነው፣ አልክድም። ግን ከደመወዜ ሁለት ሦስተኛው ለቤት ኪራይ ነበር የሚሄደው። ደግሞ እዚያ እንዳንቺ የሚዘፍኑ በየሰፈሩ አሉ። ባና የት እንደሚሸመን የሚያውቅ ግን አጣሁ። 130 ኪሎ ሜትር ነው እኮ። ጠዋት ከዚህ ተነሥተሽ ላምበረት ወርደሽ፣ መርካቶ ጨርቅ ተራ ገበርና ቁልፍ ገዝተሽ፣ ሽሮ ሜዳ ዞር ዞር ብለሽ ዋጋ አይተሽ ማታ ቤትሽ ትገቢያለሽ። በወር አንዴ እንደዚያ አድርጊ። ለመማር ሦስት ወር መቆየት ካስፈለገ ቆዪ። ጓዝሽን ጠቅልለሽ ግን አትሂጂ፣ ቢያንስ አሁን።

የቱን ልያዝ ላልሽው፣ እኔ ብሆን ስፌቱን እይዛለሁ። ድምፅሽ ጥርና ሚያዝያን ይሸፍናል፣ መርፌው ቀሪውን። የሰርግ ልብስ የሰፋሽላት ሙሽራ ዘፋኝ ስትፈልግ ማንን ትጠራለች?

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። የሰፋሽውን ልብስ ፎቶ አንሥተሽ እዚሁ ለጥፊልን። ግን ገልብጠሽ። ፊቱን ቲክቶክ ላይ አይቼዋለሁ፤ እኔና እህቴ የውስጡን ስፌት ነው ማየት የምንፈልገው። እጅሽ ንጹሕ ከሆነ ለዘንድሮ ብርድ ሰው እየፈለግን ነው።