የኦቨን በር ሲከብድ፦ ሞላ ስላለው ማጠፊያ ጥያቄና መልስ

ስለ ኦቨን በር ማጠፊያ የምትጠይቁኝ ካለ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከጠበቅሁት በላይ ብዙ ጥያቄ መጣ። ወደ መልሱ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር አደራ እላለሁ። በሩን የሚሸከመው ሞላ ትንሽ ይምሰል እንጂ ጉልበቱ ጣት ይሰብራል። ሳይቆለፍ እንዳትነኩት።

ጥያቄ፦ የኦቨኔን በር ለመክፈት በሁለት እጄ ነው የምጎትተው። ማጠፊያው አለቀ ማለት ነው?

ላይሆን ይችላል እህቴ። መጀመሪያ የት ላይ እንደሚይዝሽ እዪ። ገና ስትከፍቺው ተጣብቆ፣ ከዚያ በኋላ ቀለል ብሎ የሚወርድ ከሆነ ችግሩ ዙሪያውን ያለው ጎማ ነው። ቅባት ደርቆበት እንደ ሙጫ ይይዛል። በሳሙናና በሞቀ ውሃ በቀስታ ብታጥቢው ይበቃል። ከላይ እስከ ታች እየተንቋቋ የሚከብድ ከሆነ ግን ማጠፊያው ነው። ተዘግቶ ሳለ አንዱ ጥግ ዝቅ ካለ ደግሞ አንደኛው ማጠፊያ ሳይጎብጥ አይቀርም። ስትለቂው ዱብ የሚል ከሆነ ሞላው ደክሟል ወይም ተበጥሷል።

ጥያቄ፦ ዘይት ብቀባው አይለቅም?

እባክዎ አይቀቡት። ኦቨን እስከ 250 ዲግሪ ይሞቃል። ተራ ዘይት ወይም ዝገት ማስለቀቂያ ፍሉድ እዚያ ሙቀት ላይ ይጨሳል፣ ይሸታል፣ እሳትም ሊይዝ ይችላል። የቀረው ደግሞ ደርቆ ማጠፊያውን ይበልጥ ያጣብቀዋል። መመሪያው ግራሶ ይፈቀዳል ካለ ከፍተኛ ሙቀት የሚችለውንና ለምግብ ዕቃ የተሠራውን በጣት ጫፍ ያህል ብቻ ይጠቀሙ። የዛገ ሞላ ግን በግራሶ አይድንም።

ጥያቄ፦ የተበላሸው የግራው ብቻ ነው። አንዱን ብቻ ልቀይር?

ሁለቱንም ቀይር። አንዱ አዲስ፣ አንዱ ደካማ ሲሆን በሩ ይጣመማል። የተጣመመ በር ሙቀት ያስወጣል፣ መስታወቱንም ያስጨንቃል።

ጥያቄ፦ በሩን ከኦቨኑ ላይ እንዴት ላውጣው?

ትልቁ ጥያቄ ይሄ ስለሆነ ረጋ ብዬ ልመልሰው። ኦቨኑ ፍጹም ይቀዝቅዝ። ሶኬቱን ይንቀሉ፤ የማይደረስበት ከሆነ ብሬከሩን ያጥፉ። የጋዝ ከሆነ መዝጊያውንም ይዝጉ።

አሁን በሩን እስከ መጨረሻው ይክፈቱት። ከታች በግራና በቀኝ፣ ማጠፊያው ወደ ኦቨኑ አካል የሚገባበት ቦታ ላይ፣ ትንሽ የብረት ምላስ ያያሉ። ሞላውን የምትይዘው እሷ ናት። በካቻቢቴ ጫፍ ቀስ ብለው ይገልብጧት። ሁለቱንም ይገልብጡ! አንዷን ብቻ ቆልፎ በሩን ማንሳት አደጋው ያው ነው። ከዚያ በሩን እንደሚዘጋ ሰው ቀስ ብለው ይመልሱት፤ መንገድ ላይ ራሱ ይቆማል። እዚያ ላይ ግራና ቀኝ ጎኑን ይዘው ወደ ላይ እያነሱ ወደ ራስዎ ይሳቡት። በእጀታው አያንሱት። ባለ ሦስት መስታወት በር ከባድ ስለሆነ ሁለት ሰው ቢሆን ይሻላል።

እኔ ስጀምር ምላሷን ሳላይ በሩን አንስቼ ነበር። ማጠፊያው እንደ ወጥመድ ተመልሶ የኦቨኑን ቀለም ላጠው። ጣቴ እዚያ ቢኖር ምን ይሆን እንደነበር አሁንም ሳስበው ይዘገንነኛል።

ጥያቄ፦ የእኔ ምላስ የለውም።

የማጠፊያውን ክንድ ጎን በደንብ እይ። አንዳንዱ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለ። በሩ ተከፍቶ ሳለ ቀዳዳው ውስጥ ወፍራም ምስማር ሲገባ ሞላው ይቆለፋል። ቀዳዳም ከሌለ እዚያው አቁም። የአንዳንድ ኦቨን ሞላ የሚገኘው በሩ ውስጥ ሳይሆን አካሉ ውስጥ ነው፤ አወጣጡም ይለያል። የሞዴሉን መመሪያ ሳታይ አትታገለው።

ጥያቄ፦ በሩን አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው አንዱ ማጠፊያ ጧ ብሎ ተዘጋ። እንዴት ልመልሰው?

እጅህ መትረፉ ትልቅ ነገር ነው። በእጅህ ለመክፈት አትሞክር። ልትቀይረው ከሆነ ጭራሽ መክፈት አያስፈልግህም። ታጥፎ የተዘጋ ማጠፊያ ሞላው በጣም የላላበት ነው። እንዳለ ብሎኑን ፈትተህ አውጣው። ያልተዘጋውን ነው መፍራት ያለብህ፤ ምላሷን እንዳትነካ።

ጥያቄ፦ አዲሱን ማጠፊያ በዓይን እያየሁ መግዛት እችላለሁ?

አይሆንም። ሞላው የሚመረጠው በበሩ ክብደት ነው፤ የሚመሳሰሉ ሁለት ማጠፊያዎች ጉልበታቸው ሊለያይ ይችላል። የሞዴል ቁጥሩ ብዙ ጊዜ በሩ ሲከፈት ጠርዙ ላይ ወይም ከታች ካለው መሳቢያ ጀርባ ይገኛል። በእሱ እዘዙ። የግራና የቀኝም የሚለይ አለ።

ጥያቄ፦ በሩን ስፈታ መስታወቱ እንዳይሰበር ፈራሁ።

ፍርሃትሽ ልክ ነው። ይሄ መስታወት መሃሉ ጠንካራ ነው፤ ጠርዙ ግን በትንሽ ግጭት ሊፈረካከስ ይችላል። ወፍራም ፎጣ አንጥፊና በሩን በፊቱ አስተኚው፤ እጀታው ከጠረጴዛው ጠርዝ ውጭ ይንጠልጠል። ብሎኖቹን ከመፍታትሽ በፊት በስልክሽ ፎቶ አንሺ። የየትኛው መስታወት የትኛው ፊት ወደ ውስጥ እንደሚያይም ምልክት አድርጊ። ተገልብጦ ከገባ የውጪው መስታወት ከሚገባው በላይ ሊሞቅ ይችላል።

ጥያቄ፦ ቀየርኩት። ግን ከድሮውም ይበልጥ ከበደ!

አዲስ ሞላ መጀመሪያ ላይ ጠንከር ይላል፤ ያ ጤናማ ነው። በሩ ጭራሽ አልዘጋ ካለ ግን አያስገድዱት። ምላሶቹ ወደ ቦታቸው አልተመለሱ ይሆናል፤ ወይም የአንዱ ክንድ ጥርስ መግቢያው ላይ በደንብ አልተቀመጠም። አውጥተው እንደገና ያስገቡት።

በደንብ ሲዘጋ በወረቀት ይፈትኑት። ኦቨኑ ቀዝቃዛ ሳለ ቁራጭ ወረቀት ጎማው ላይ አድርገው ይዝጉና ይሳቡት። በአራቱም ጎን ሲሳብ ያዝ የሚያደርግ ከሆነ ደህና ነው። ያለ ምንም ትግል ሾልኮ የወጣበት ጎን ካለ የዚያን በኩል ማጠፊያና ጎማ ደግመው ይዩ።