ሳትለኩ አትከራከሩ

ይድረስ ለደሴና ለኮምቦልቻ ልጆች፤ በተለይ ኮምፒውተር ከተነሳ ምሳችሁን ለምትረሱት።

ዕድሜዬን የጨረስኩት ኮምፒውተር በመጠገንና ኔትወርክ በመዘርጋት ነው። አሁንም ደሴ ፒያሳ አካባቢ ካለችው ሱቄ አልጠፋም። እዚያ ስትከራከሩ እሰማችኋለሁ። ኢንቴል ይሻላል ኤኤምዲ? ዊንዶውስ ወይስ ሊኑክስ? ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ፕሮግራመሩን ከሥራ ያስወጣዋል ወይስ አያስወጣውም? ክርክራችሁን እወደዋለሁ። እኔ ወጣት ሳለሁ እዚህ ከተማ ስለ ኮምፒውተር አብሮኝ የሚያወራ ሰው ማግኘት ራሱ ብርቅ ነበር። እናንተ ግን ጠዋት ሌላ አገር ይፋ የሆነውን ፕሮሰሰር ከሰዓት ታነሱታላችሁ፣ ትጥሉታላችሁ። ይህ ጉጉታችሁ እንዲበርድ አልፈልግም።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ክርክራችሁ ውስጥ "እንዲህ ተባለ" በዝቷል። "ሞክሬው እንዲህ ሆነ" የሚል ግን ጥቂት ነው። አባቶቻችን በላ ልበልሃ ሲሟገቱ እንኳ አንደበተ ርቱዕ መሆን ብቻውን አያስረታም ነበር። እማኝ ይቆጠራል። የእናንተ እማኝ ደግሞ ጠረጴዛችሁ ላይ ተቀምጧል፤ የሚጠይቀው አጥቶ ነው።

በቅርቡ ሁለት ጓደኛሞች ሱቅ መጡ። አንዱ አዲስ ባለ 1 ቴራ ሃርድ ዲስክ ገዝቷል። ኮምፒውተሩ ላይ ሲሰካው 931 ጊጋባይት አሳየው። "ተሸወድኩ፣ ሰባ ጊጋ ተበልቻለሁ" ብሎ ተናዷል። ጓደኛው በርካሽ የገዛትን ፍላሽ አውጥቶ "የእኔን እይ፣ ሙሉ 2 ቴራ" ይለዋል። እንግዲህ እዩ፤ የተናደደው አልተታለለም። የተደሰተው ነው የተታለለው።

ሃርድ ዲስኩን በካልኩሌተር ጨረስነው። አምራቾች 1 ቴራ የሚሉት 1,000,000,000,000 ባይት ነው። ዊንዶውስ ደግሞ አንድ ጊጋ ብሎ የሚቆጥረው 1,073,741,824 ባይትን ነው። አንዱን ለሌላው አካፍሉት፤ 931 ይመጣል። የጠፋ ነገር የለም። ሁለት ዓይነት አቆጣጠር ነው። ልጁ ራሱ አካፍሎ ቁጥሩን ሲያየው ፊቱ በራ።

ፍላሿ ጊዜ ወሰደች። ፍላሽ ውስጥ ኮንትሮለር የሚባል ትንሽ ቺፕ አለ። ኮምፒውተሩ "ስንት ትይዛለህ?" ብሎ የሚጠይቀው እሱን ነው። ፎርጅድ የሚሠሩ ሰዎች ይህ ቺፕ እንዲዋሽ አድርገው ይጽፉታል። ኮምፒውተሩም ያምናል። ፋይል ስትጭኑ መጀመሪያ ላይ ሁሉም ደህና ነው። እውነተኛው ቦታ ሲሞላ ግን ወይ የቀድሞው ላይ ይጻፍበታል፣ ወይ አዲሱ የትም ይቀራል። የፋይሉ ስም ይታያችኋል፤ ሲከፈት የለም። የሠርግ ፎቶ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ እንዲህ ሆኖ ሲጠፋ በዓይኔ አይቻለሁ። ያሳዝናል።

ይህን የሚፈትሹ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ። ዊንዶውስ ላይ ኤች2ቴስት ደብሊው፣ ሊኑክስ ላይ ኤፍ3። ሥራቸው ቀላል ነው። ፍላሹን በሚታወቅ ዳታ ይሞሉታል፣ ከዚያ መልሰው አንብበው ያስተያያሉ። 2 ቴራ ሙሉውን መሙላት ቀናት ይፈጃል። ስለዚህ 64 ጊጋ ብቻ እንዲጽፍ አዘዝነውና ቡና አፈላን። በረካው ተጠጥቶ ካለቀም በኋላ ጠበቅን። ከ64ቱ ደህና ሆኖ የተመለሰው ግማሹ እንኳ አይሞላም። ልጁ ዝም ብሎ ስክሪኑን አየ። እናንተም ስትሞክሩ አስቀድማችሁ ፍላሹ ላይ ያለውን ዕቃችሁን ኮፒ አድርጋችሁ አውጡ። ፍተሻው ራሱ ሊያጠፋባችሁ ይችላል።

ይህን የማወራው ስለ ፍላሽ ብዬ ብቻ አይደለም። ዓለምን ያናወጡ የኮምፒውተር ዜናዎችም የተገኙት እንዲሁ ነው። አንድ ሰው ትንሽ የማትመስል ነገር አይቶ አላልፍም ሲል።

እ.ኤ.አ. በማርች 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል የማይክሮሶፍት ኢንጂነር ፖስትግሬስ የሚባለውን ዳታቤዝ ፍጥነት እየለካ ነበር። በኤስኤስኤች፣ ማለትም በርቀት መግቢያው፣ ወደ ማሽኑ ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየት አየ። ግማሽ ሰከንድ! እኛ አገር ኔትወርክ ላይ ማን ልብ ይላታል? እሱ ግን ፕሮሰሰሩ ያለ ምክንያት ሲደክም አይቶ ነገሩን እየተከተለ ወረደ። መጨረሻው ኤክስዜድ የሚባል ፋይል ማመቂያ ውስጥ የተደበቀ የጓሮ በር፣ ማለትም ሚስጥራዊ መግቢያ፣ ሆነ። 5.6.0 እና 5.6.1 የተባሉት ሥሪቶች ውስጥ የገባ ነው። ያስገባው ሰው ጂያ ታን በሚል ስም ከሁለት ዓመት በላይ በበጎ ፈቃድ ሲሠራ ቆይቶ አመኔታ ያገኘ ነበር። ነገሩ ሳይታወቅ ቢሰራጭ፣ ቁልፉን የያዘው ሰው እጅግ ብዙ የሊኑክስ ሰርቨሮች ውስጥ እንደ ቤቱ መግባት ይችል ነበር። ፍሮይንድ ያገኘውን ከነማስረጃው ይፋ አደረገ። ሌሎችም ወዲያው ራሳቸው አረጋገጡት። ክርክር አላስፈለገም።

ከዚያ በፊትም አለ። እ.ኤ.አ. በ1994 ቶማስ ናይስሊ የሚባሉ አሜሪካዊ የሒሳብ መምህር በቁጥር ምርምራቸው ላይ ሳሉ የኢንቴል ፔንቲየም ፕሮሰሰር አንዳንድ ማካፈሎችን እንደሚሳሳት ደረሱበት። በኋላ የታወቀው ምሳሌ ይህ ነው፦ 4,195,835 ለ3,145,727 ሲካፈል 1.33382 ገደማ መምጣት አለበት። ፔንቲየሙ ግን 1.33374 ይል ነበር። ኢንቴል መጀመሪያ "ተራ ተጠቃሚን አይነካም" ብሎ ነበር። ግን ማንም ሰው ካልኩሌተር ከፍቶ ሊያየው የሚችል ነገር እንዴት ይስተባበላል? ኩባንያው በመጨረሻ ለጠየቀ ሁሉ ቺፑን ለመቀየር ተስማማ። 475 ሚሊዮን ዶላር ወጪም መዘገበ።

ስለ ክርክር ጨዋነትም አንድ ነገር ልበል። በሊኑክስ ጉዳይ ስትፋጠጡ አንዳንዴ እስከ ስድብ ትደርሳላችሁ፤ ይህ ያመኛል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1992 ፕሮፌሰር አንድሩ ታነንባም "ሊኑክስ ጊዜው ያለፈበት ነው" ብለው በይፋ ጻፉ። ሊኑስ ቶርቫልድስ ያኔ የ22 ዓመት የሄልሲንኪ ተማሪ ነው። ጠንከር ያለ መልስ ሰጠ። ሁለቱም ግን ባዶ እጃቸውን አልነበሩም። ታነንባም ሚኒክስ የሚባለውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ቶርቫልድስ ሊኑክስን የጻፉ ናቸው፤ ሥራቸው ለማየት ለሚፈልግ ሁሉ ክፍት ነበር። ከዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2004፣ ቶርቫልድስ ሥራውን ከሚኒክስ ሳይሰርቅ አልቀረም የሚል ክስ መጣ። ቀድመው ከተከላከሉለት አንዱ እኚያው ታነንባም ነበሩ። ሊኑክስን ራሱ እንደጻፈው መሰከሩለት። የዲዛይን ሐሳባቸውን ግን አልቀየሩም። ከጓደኛችሁ ጋር እንዲህ ብትጣሉ ደስ ይለኛል።

ወደ እኛው እንመለስ። ዘንድሮ ሱቄን የሞላው ወሬ "ዊንዶውስ 10 ሞተ" የሚለው ነው። ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጅ ኦክቶበር 14፣ 2025። ብዙዎቻችሁ የያዛችሁት ከውጭ የገባ ያገለገለ ላፕቶፕ ነው፤ ስድስተኛ፣ ሰባተኛ ጀነሬሽን ኢንቴል ፕሮሰሰር ያለው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደኅንነት ክፍል ይፈልጋል፣ ከኢንቴልም በአብዛኛው ከስምንተኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ያለውን ነው የሚቀበለው። ከዚህ ተነስቶ "ላፕቶፑን ሽጠው፣ ከእንግዲህ አይሠራም" የሚል አለ። ይሠራል። የሚቀርበት የደኅንነት ማስተካከያው ነው። እሱንም ቢሆን ለግል ተጠቃሚ ለተጨማሪ አንድ ዓመት የሚሰጥ ፕሮግራም አለ። ስለዚህ ከመሸጣችሁ በፊት ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ነፃ የሊኑክስ ዓይነት ፍላሽ ላይ አድርጉና ሳትጭኑት ከዚያው አስነሱት። ዋይፋዩ ይይዛል? ፕሪንተሩ ያትማል? የአማርኛ ኪቦርዱ ይጽፋል? ቤት ያለውን የሒሳብ ፕሮግራም ያስነሳል? አንድ ከሰዓት ይበቃል። እናት ቆጥባ የገዛችላችሁን ላፕቶፕ በወሬ አትሽጡት።

ኤአይንም እንዲሁ ፈትኑት። መልሱን አስቀድማችሁ የምታውቁትን ጥያቄ ስጡት። ጥቅምት 4 ቀን 2018 በፈረንጅ ስንት ነው በሉት። የጳጉሜን ቀኖች ጠይቁት። ክፍል ውስጥ የጻፋችሁትን፣ ስህተቱን ቀድማችሁ ያወቃችሁትን ፕሮግራም አቅርቡለትና ስህተቱን ያገኝ እንደሆነ እዩ። የቱ ላይ እንደሚያግዝ፣ የቱ ላይ በልበ ሙሉነት እንደሚሳሳት ያኔ ታውቃላችሁ። በዚያው ፊደላችንንም መርምሩ። ኖትፓድ ከፍታችሁ "ሰላም" ብላችሁ በዩቲኤፍ-8፣ ፊደልን ወደ ቁጥር በሚለውጠው ኮድ፣ ሴቭ አድርጉት። ሦስት ፊደል፣ 9 ባይት። ይህንኑ ቃል በላቲን ፊደል ብትጽፉት አምስት ፊደል፣ 5 ባይት። የአማርኛ ኤስኤምኤስ በ70 ፊደል የሚሞላው፣ የላቲኑ 160 የሚይዘው በተመሳሳይ የኮድ ጉዳይ ነው። ኤአይ ጽሑፍን የሚያነበው ወደ ትናንሽ ቁርጥራጭ ከፋፍሎ ነው፤ አማርኛ ከእንግሊዝኛ የበለጠ ቁርጥራጭ የሚያስወጣው መሆኑ የምር የሚያገባን እኛን ነው። ይህን ስትከራከሩ እስካሁን አልሰማኋችሁም፤ ብሰማ ደስ ይለኛል።

መረጃ ቤታችሁ አስቀምጡ። በ2015 ክረምት በክልላችን የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ሥራቸው ያልቆመባቸው ልጆች ማኑዋላቸውን ቀድመው ያወረዱ ናቸው። ኪዊክስ የሚባለው ፕሮግራም ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። ዛሬ ኔትወርክ እያለ አውርዱት።

አሁን አንድ ሥራ ልስጣችሁ። ውጭ አገር ላፕቶፕ ሲገመገም የሚለካው ብዙውን ጊዜ በቆላ ከተማ፣ መብራት በማይዋዥቅበት ክፍል ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ጠረፉ ከአንድ አምስተኛ በላይ ይሳሳል። ማራገቢያው የሚያወጣው ሙቀት ደግሞ በአየሩ ብዛት ይወሰናል። በሌላ በኩል ደሴ ብርድ ናት፤ ይህ ያግዛል። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ገደማ ናት። አየሩ ወፈር ይላል፣ ሙቀቱ ግን ይከብዳል። ታዲያ አንድ ላፕቶፕ የቱ ከተማ ላይ ይበልጥ ይግላል? ፕሮሰሰር በጣም ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስለዚህ ጥያቄው ቪዲዮ ኤዲት ለሚያደርግ፣ ጌም ለሚጫወት፣ ኮድ ለሚያስኬድ ሁሉ የኪስ ጉዳይ ነው። ሃርድ ዲስክም አለበት። የሃርድ ዲስክ ማንበቢያ የሚንሳፈፈው በአየር ላይ ስለሆነ ብዙ አምራቾች ከ3,048 ሜትር በላይ እንዳይሠራ ይጽፋሉ። ደሴ ከዚያ በታች ናት፤ የወሎ ደጋ ግን ከዚያ የሚያልፍ ቦታ አለው።

ከሁለቱ ከተሞች አንዳንድ ልጅ ተገናኙ። መንገዱ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ነው፣ በሚኒባስ ሩቅ አይደለም። አንዱን ላፕቶፕ ሁለቱም ቦታ ፈትኑት። ሌላ ላፕቶፕ አታምጡ፤ ያው ራሱ ይሁን። በመካከል አትክፈቱት፣ አቧራውን አታራግፉ፣ ቴርማል ፔስቱን (ፕሮሰሰሩ ላይ ያለውን ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) አትቀይሩ። በሁለቱም ቦታ ቻርጀሩ ይሰካ፣ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፣ ያው ፕሮግራም ለግማሽ ሰዓት ይሩጥ። ሙቀቱን በኤችደብሊው ኢንፎ ወይም ሊኑክስ ላይ በሴንሰርስ መዝግቡ። የክፍሉን ሙቀት በቴርሞሜትር ለኩ፤ ያለ እሱ ቁጥሩ ምንም አይናገርም። የላፕቶፑን ሞዴል፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ። መብራት ከሄደባችሁ ያንን ሙከራ ጣሉትና ከመጀመሪያው ጀምሩ። ውጤቱ የጠበቃችሁት ባይሆንም እንዳለ ጻፉት፣ በአማርኛ፣ ሌላ ሰው ደግሞ እንዲሞክረው። ቴርሞሜትር የሌላችሁ ሱቅ ኑ፣ እኔ አውሳችኋለሁ።