ሮማውያን በ«ቁራ» ድልድይ ስላሸነፉበት ጥያቄ

«ባሕር የማያውቁት ሮማውያን ካርቴጅን በአንድ ድልድይ ረቱ የሚባለው እውነት ነው? ድልድዩ እንዴት ይሠራ ነበር? ያን ያህል ከጠቀመስ ለምን ተዉት?» ብለህ ለጠየቅኸው፣ ግማሹ እውነት ነው።

ሮምና የሰሜን አፍሪካዋ ካርቴጅ በተዋጉበት በአንደኛው የፑኒክ ጦርነት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 260 አካባቢ፣ ሮም 100 ኩዊንኩዌሬምና 20 ትሪሬም የሚባሉ የቀዘፋ ጦር መርከቦች በጥድፊያ አሠራች። ሞዴሉ ወደ ባሕር ዳር ተጠግታ አሸዋ ላይ የቀረች የካርቴጅ መርከብ ነበረች። ቀዛፊዎቹንም የብስ ላይ አግዳሚ ደርድረው አለማመዷቸው። እንዲህ የተሠራ መርከብ ከባድና ቀርፋፋ መሆኑ አይቀርም። የዘመኑ የባሕር ውጊያ ደግሞ ፈጥኖ ዞሮ የጠላትን ጎን በነሐስ ቀንድ መውጋት ነበር። በዚያ ጨዋታ ከገቡ ማለቃቸው ነው። ስለዚህ «ቁራ» በሚባለው ድልድይ ጠላት እንዳይዞር ያዙት።

አሠራሩን ታሪክ ጸሐፊው ፖሊቢዮስ በልኬት ጽፎታል። በመርከቡ ፊት ላይ ቁመቱ 24 ጫማ፣ ውፍረቱ አንድ ስንዝር ገደማ የሆነ ምሰሶ ይቆማል፤ ጫፉ ላይ መዘውር አለ። ድልድዩ 36 ጫማ (11 ሜትር ያህል) ርዝመት፣ 4 ጫማ ስፋት ያለው፣ ሳንቃው በአግድም የተመታ ነው። ከግራና ከቀኙ እስከ ጉልበት የሚደርስ ከለላ አለው። ምሰሶው የሚያልፍበት ቀዳዳ ከውስጠኛው ጫፍ 12 ጫማ ርቆ ይቦረቦራል፤ ሞላላ መሆኑን ልብ በል፤ ክብ ቢሆን ሳንቃው ሲነሣ ምሰሶው ላይ ይነክስ ነበር። የቀረው 24 ጫማ ከምሰሶው ቁመት ጋር እኩል ነው። በውጪው ጫፍ ከሥሩ እንደ ዘነዘና ያለ ሹል ብረት፣ ከላዩ ቀለበት አለ፤ ገመዱ ከቀለበቱ ወደ መዘውሩ ይሄዳል። ገመዱ ሲለቀቅ ብረቱ የጠላትን ወለል ይሰነጥቃል፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱ መርከቦች አንድ ሜዳ ናቸው።

ጎን ለጎን ከተጣበቁ ወታደሩ ከየአቅጣጫው ይዘላል። አፍንጫ ለአፍንጫ ከገጠሙ ግን ሁለት ሁለት ሆነው በድልድዩ ይሻገራሉ፤ የፊተኞቹ ጋሻቸውን ወደ ፊት ይይዛሉ፣ ተከታዮቹ የጋሻውን ጠርዝ ከለላው ላይ አሳርፈው ጎናቸውን ይሸፍናሉ።

በ260 በሲሲሊ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ በሚላይ 130 የካርቴጅ መርከቦች ሮማውያንን ንቀው ያለ ሰልፍ መጡ። የቀደሙት 30 ተያዙ፤ የአዛዡም መርከብ አብራ ተያዘች፤ እሱ በትንሽ ጀልባ አመለጠ። የቀሩት በጎንና በኋላ ሊዞሩ ሞከሩ፤ ድልድዩ ግን በምሰሶው ዙሪያ ስለሚሽከረከር በዚያም ጠበቃቸው። 50 መርከብ ጠፋባቸው። በ256 በደቡብ ሲሲሊ ዳርቻ ኤክኖሞስ ላይም ያው መሣሪያ ሠራ፤ ሮም 24 ስታጣ ከካርቴጅ ከ30 በላይ ሰጠሙ፣ 64 ተማረኩ።

ችግሩ ክብደቱ ነው። ያ ሁሉ እንጨትና ብረት የመርከቡ ፊት ላይ፣ ያውም ከፍ ብሎ የተሰቀለ፣ ማዕበል ሲመጣ መርከቡን ያዋልላል። በ255 በሲሲሊ ካማሪና አጠገብ በማዕበል ከ364 የሮም መርከብ 80 ብቻ ሲተርፉ ብዙ ሰው ጥፋቱን ለቁራው ይሰጣል። እኔ ግን ይህን በእርግጠኝነት አልልም፤ ፖሊቢዮስ የሚወቅሰው መርከብ ነጂዎቹ «በዚህ ወቅት በዚህ ዳርቻ አትሂዱ» እያሏቸው እምቢ ያሉትን ቆንስሎች (ጦሩን የሚመሩትን የሮም ከፍተኛ ሹማምንት) ነው። ከዚያ ወዲህ የቁራው ስም አይነሣም።

ጦርነቱን የጨረሰው የ241 የኤጋዲ ደሴቶች ውጊያ ነገሩን ገለበጠው፤ ሮማውያን ለውጊያ የማይጠቅመውን ጭነት ሁሉ አራግፈው ቀለል ብለው መጡ፣ ቀዛፊዎቻቸውም በደንብ የሠለጠኑ ነበሩ። በዚህ ጊዜ ቀርፋፋው እህል የጫነው የካርቴጅ መርከብ ነበር፤ 50 ሰጠሙ፣ 70 ተያዙ።