ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ለሚነቁ፦ ጥያቄና መልስ

ጎንደር ውስጥ በነርስነት ብዙ ዓመት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ብለው ኪኒን ፍለጋ የሚመጡ እናቶችና አባቶች ዛሬም ከልቤ አልወጡም። ሰሞኑን የደረሱኝን ጥያቄዎች እነሆ መልሻለሁ።

ጥያቄ (ከአዘዞ)፦ እናቴ 72 ዓመቷ ነው። በየቀኑ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ትነቃለች። ከዚያ ወዲያ ዓይኗን አትከድንም። በሽታ ይሆን?

መልስ፦ እታለም፣ መጀመሪያ ሰዓቱን ቁጠሪው። እራት በልታ ማታ 2 ሰዓት ላይ ጋደም ካለች፣ እስከ 9 ሰዓት ድረስ 7 ሰዓት ሙሉ ተኝታለች። ለዚህ ዕድሜ ከ7 እስከ 8 ሰዓት ይበቃል። እናትሽ እንቅልፍ አላጣችም፤ እንቅልፏ ቀደመ እንጂ። ዕድሜ ሲገፋ ሰውነት ማታ ቶሎ ይደክማል፣ ሌሊት ቶሎ ይነቃል። ድብን ያለው እንቅልፍም ስለሚቀንስ የውሻ ጩኸት ሳይቀር ይቀሰቅሳል።

የሚሻለው መኝታዋን ማዘግየት ነው። በየሦስት አራት ቀኑ ሩብ ሰዓት እየጨመራችሁ ወደ 3 ሰዓት ተኩል አድርሱት። ከሰዓት በኋላ 10 እና 11 ሰዓት ገደማ ደጅ ወጥታ ፀሐይ ታግኝ። የማምሻ ብርሃን እንቅልፍን ያዘገያል። ነቅታ ስትገላበጥ ደግሞ አልጋው ላይ አትቆይ። ጋቢዋን ደርባ ትቀመጥ፣ ጸሎቷን ታድርስ፣ እንቅልፍ ሲመጣ ትመለስ። ሰዓት እያየች «ሊነጋ ነው» ማለቱ ብቻ ይቅርባት።

ጥያቄ (ከአራዳ)፦ ቡና እኮ እኔን አይነካኝም። ጠጥቼ ወዲያው እተኛለሁ። ልጆቼ ግን ተይ ይሉኛል።

መልስ፦ እማማ፣ ልጆችዎ እውነት አላቸው። እንቅልፍ ይወስድዎት ይሆናል፤ ቡናው ግን እንቅልፉን ያሳሳዋል። 10 ሰዓት ላይ ከጠጡት ቡና ግማሹ ያህል ኃይል ማታ 3 ሰዓትም ደምዎ ውስጥ ይኖራል። በአንዳንድ ሰው ደግሞ ከዚህም በላይ ይቆያል። ቡናውን ተዉ አልልም፤ ጎረቤት የሚሰበሰበው በእሱ ነው። አቦሉንም በረካውንም ከምሳ በፊት ያድርጉት። የማታውን በአንድ ጊዜ ካቆሙት ራስ ምታት ስለሚነሳ ስኒውን ቀስ በቀስ ይቀንሱ።

ጥያቄ (ከማራኪ)፦ ለሽንት ሌሊት አራት ጊዜ እነሳለሁ። ሽንት ቤታችን ደግሞ ከግቢው ጥግ ነው።

መልስ፦ ጋሼ፣ ለግፊት የሚያሸና ኪኒን የሚወስዱ ከሆነ ሰዓቱን ወደ ጠዋት ማዞር ይቻል እንደሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ። ይህ ብቻ ብዙ ሰው ሲያሳርፍ አይቻለሁ። ማታ እግርዎ የሚያብጥ ከሆነም ከሰዓት በኋላ እግርዎን ከፍ አድርገው ጋደም ይበሉ። እግር ላይ የተጠራቀመው ውኃ ሌሊት ሳይሆን ቀን ይወጣል። እብጠቱን ግን ሐኪም ይየው። ስኳርና ፕሮስቴትም ይመርመሩ። እስከዚያው ፖፖ ከአልጋው አጠገብ ይቀመጥ፣ መብራት ከእጅዎ አይራቅ። በጨለማ ግቢ ወድቆ ዳሌን መሰበር ከእንቅልፍ እጦት የከፋ ነው።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ ፋርማሲ ሄጄ ለአባቴ ዳያዜፓም የሚባለውን የሚያስተኛ ኪኒን ብገዛለትስ?

መልስ፦ እባክህ ወንድማለም፣ ተው። ያረጀ ሰውነት ይህን መድኃኒት ቶሎ አያስወግድም። በማግሥቱ ያንገዳግዳል፣ ይጥላል፣ ሐሳብ ያምታታል። አባትህ ለረጅም ጊዜ ሲወስድ የቆየ ከሆነ ደግሞ በአንድ ቀን አታስቁመው። ሐኪም በጥቂት በጥቂቱ ይቀንስለት። አረቄም መፍትሔ አይደለም፤ ቶሎ ያስተኛል፣ እኩለ ሌሊት ላይ ያነቃል።

ጥያቄ (ከአንድ አገልጋይ አባት)፦ ለማኅሌት ሌሊት እቆማለሁ። ቀን መተኛት ይጎዳል ይሉኛል።

መልስ፦ አባቴ፣ ማኅሌት ባለበት ቀን አስቀድመው ከሰዓት በኋላ ሰዓት ተኩል ያህል ይተኙ፤ ይገባዎታል። በሌላው ቀን ግን ከምሳ በኋላ ግማሽ ሰዓት ይብቃ፣ ከ9 ሰዓት አይለፍ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ያንኮራፋል። ድንገት ትንፋሹ ቀጥ ይልና ደንግጦ ይነሳል።

መልስ፦ ይህንን ቸል አትበዪ። ትንፋሽ በእንቅልፍ እየተቋረጠ ነው። ግፊትን ያባብሳል፣ ልብን ይጎዳል። ያየሽውን ራስሽ ለሐኪም ንገሪ፤ እሱ ተኝቶ ስለሆነ አያውቀውም። በጎኑ ይተኛ፣ አረቄና የእንቅልፍ ኪኒን አይቅመስ።

ጥያቄ (ከቀሃ)፦ አባታችን ካረፈ 7 ወር ሆነ። እናቴ ሌሊት ተነስታ አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። ምግብም ትታለች። መድኃኒት አለው?

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። አርባ ዓመት ሰው አጠገቧ ሲተነፍስ የኖረች ሴት ዝምታው ያስፈራታል። መጀመሪያ ብቻዋን አታሳድሯት፤ የልጅ ልጅ አጠገቧ ይተኛ። ቀን ስለ እሱ አጫውቷት፤ «እንዳታለቅስ» ብላችሁ ስሙን አትደብቁ። ቀን ያልወጣው ሐዘን ሌሊት ይመጣል።

ምግብ መተዋ ግን አሳስቦኛል። እንቅልፍ፣ ምግብና የሰው ፍቅር አብረው ሲጠፉ ከሐዘን ያለፈ የመንፈስ ጭንቀት ሊሆን ይችላል። ይህ ይታከማል። «መኖር ሰለቸኝ» ትላለች ወይ? ፈርታችሁ አትለፉት፣ ቀስ ብላችሁ ጠይቋት። ካለች ዛሬውኑ ውሰዷት። ካላለችም ይህን ሳምንት አታሳልፉ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ስሙ ያስፈራት ከሆነ «ስለ እንቅልፍሽ እናማክር» በያትና አብረሻት ግቢ። ስትመለሱ እንዴት እንደሆነች ጻፊልኝ።