ሞመንትን በምን ልተካው? የመክፈያ ቀንን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ለሚያሰላ ሲስተም

ጠያቂያችን ለአንድ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር የሠሩት ሲስተም ወርኃዊ የመክፈያ ቀኖችን የሚያሰላው ሞመንት በተባለው የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ (ተዘጋጅቶ የተቀመጠ የፕሮግራም ኮድ) ነው። ላይብረሪው አዲስ ነገር እንደማይጨመርበት በማንበባቸው ከዴይ ጄኤስ፣ ከዴት-ኤፍኤንኤስ እና ከሉክሰን የትኛውን ቢይዙ እንደሚሻል ይጠይቃሉ፤ አባላቱ ቀኑን የሚያዩት በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንደሆነም ጽፈዋል።

በመጀመሪያ፣ አይቸኩሉ። የሞመንት አዘጋጆች እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2020 ያስታወቁት ከእንግዲህ በጥገና ብቻ እንደሚያቆዩት ነው እንጂ ሥራውን ያቆማል ማለት አይደለም። አራቱም ላይብረሪዎች ማንም በነፃ እንዲጠቀምባቸው በሚፈቅደው በኤምአይቲ ፈቃድ የወጡ ስለሆኑ በዚያ በኩል የሚያሳስብ ነገር የለም። ኮድ በሚጋራበት ድረ ገጽ በጊትሀብ ላይ ከተጠቃሚዎች ያገኙትን የኮከብ ብዛት ግን መመዘኛ አላደርገውም፤ ኮከብ የሰጠው ሰው ላይብረሪውን ለአንድ ቀን እንኳ ይጠቀምበት አይጠቀምበት አይታወቅምና።

ዴይ ጄኤስ አጻጻፉ ለሞመንት በጣም የቀረበ፣ ሲጨመቅም 2 ኪሎ ባይት ገደማ ብቻ የሆነ ስለሆነ ብዙ ሰው ወደ እርሱ ይሄዳል። ነገር ግን መመሳሰሉ ራሱ ያታልላል። በሞመንት «አድ» የሚለው ትእዛዝ ዋናውን ቀን ራሱን ይለውጠዋል፤ በዴይ ጄኤስ ግን አዲስ ቀን ይመልሳል እንጂ የቀድሞውን አይነካውም። ስለዚህ ውጤቱን በተለዋዋጭ ሳይቀበል ወር የሚጨምር አሮጌ መስመር ካለ፣ ምንም የስህተት መልእክት ሳያሳይ መጨመሩን ይተዋል። እኔም በአንድ ሥራ ላይ እንዲህ ያለውን መስመር ሳላስተውል አልፌ ደረሰኞች ሁሉ በአንድ ቀን ታትመው አግኝቻቸዋለሁ። ዴት-ኤፍኤንኤስ የሚፈልጉትን ፋንክሽን ብቻ መርጠው እንዲያስገቡ የሚያስችል ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ለእርስዎ ጉዳይ ግን ከሌሎቹ የተለየ ጥቅም አይሰጥም።

ሉክሰን ቀንና ቁጥርን በየአገሩ ቋንቋና አቆጣጠር በሚያሳየው፣ በብራውዘሩ ውስጥ ባለው ኢንትል በተባለ መሣሪያ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ቀንን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የወሩን ስም በአማርኛ አድርጎ ማሳየት ይችላል። ስለዚህ ለማሳያ እርሱን እመርጣለሁ። ወር ከ1 እንደሚጀምርበት ግን አይርሱ፤ ሞመንት የሚጀምረው ከ0 ነው።

ዋናው ችግር ያለው ስሌቱ ላይ ነው፤ ሦስቱም ወር የሚጨምሩት በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው። መስከረም 10 ቀን 2017 ዓ.ም. የተሰጠ ብድር በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 20 ቀን 2024 ላይ ይውላል። በየወሩ አንድ ወር ቢጨምሩ የመጀመሪያው ክፍያ በትክክል ጥቅምት 10 ይሆናል፤ የኅዳርና የታኅሣሡ ግን 11፣ የጥሩ 12፣ የየካቲቱ 13 ላይ ያርፋሉ፤ በመጋቢት ደግሞ ተመልሶ 11 ይሆናል። አባሉ «በየወሩ በ10» ብሎ ፈርሞ ሳለ ሲስተሙ ቀኑን ወዲያና ወዲህ ሲያንከራትትበት ቅሬታ ማቅረቡ አይቀርም፤ ላይብረሪ በላይብረሪ መተካት ይህንን አያስተካክለውም።

ስለዚህ ስሌቱን ከማሳያው ይለዩት። ቀኑን ወደ ኢትዮጵያ ዓመት፣ ወርና ቀን ለውጠው የወሩን ቁጥር በ1 ከፍ ያድርጉና መልሰው ይለውጡት፤ ሁሉም ወር ከጳጉሜን በቀር 30 ቀን ስለሆነ ፋንክሽኑ አጭር ነው። ቴምፖራል የተባለው አዲሱ የጃቫስክሪፕት መሣሪያም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ወር መጨመር ይችላል፤ ሆኖም በቆየ ስልክ ላይ ያለ ብራውዘር ስለማያውቀው ተጨማሪ ማሟያ መጫን ይኖርብዎታል። ከዚህም በላይ ጳጉሜንን እንደ 13ኛ ወር ስለሚቆጥር፣ ከነሐሴ 10 ቀን 2017 አንድ ወር ሲጨምሩ መስከረም 10ን ሳይሆን ጳጉሜን 5ን ይሰጥዎታል። ጳጉሜን ላይ ክፍያ ይጠየቅ ወይስ ይታለፍ የሚለውን የሚወስነው ማኅበሩ ነውና ኮዱን ከመጻፍዎ በፊት ሒሳብ ሹሙን ይጠይቁ።

የቀን መለወጫውን ከሌላ ሰው ላይብረሪ የሚወስዱ ከሆነ በሁለት ቀኖች ይፈትኑት፤ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ጳጉሜን 6 ቀን 2015፣ ማግስቱ ደግሞ መስከረም 1 ቀን 2016 ሆኖ መውጣት አለበት። ከሁለቱ አንዱን የሚስት ከሆነ ሌላ ይፈልጉ።